የተጠለፈችው በርበሬ

በየዓመቱ መስከረም አልቆ ጥቅምት ሲገባ አንድ ዓይነት ፎቶግራፍ ይመላለሳል። ነጭ ቀለም የተቀባ የገጠር ቤት አለ። ከጣሪያው ጠርዝ እስከ በረንዳው ድረስ በክር ተሰክቶ የተንጠለጠለ ቀይ በርበሬ ግድግዳውን ሸፍኖታል። ከሥሩ ሻሽ ያሰሩ አሮጊት ተቀምጠዋል። የምግብ መጽሐፍ የሚያዘጋጁ፣ የጉብኝት ጽሑፍ የሚጽፉ፣ ስለ ባልካን አገሮች አንድ ገጽ መሙላት ያለባቸው ሁሉ ይህን ምስል ይወዱታል። ከሥሩ የሚሰፍረው ቃልም ብዙ አይለዋወጥም። በርበሬዋ ለክረምት የተቀመጠች ፀሐይ ትሆናለች፣ አሮጊቷ የወግ ጠባቂ ይሆናሉ፣ ጽሑፉም እዚያው ላይ ያልቃል።

በዚህ ጽሑፍ የምከራከረው ከዚያ አጻጻፍ ጋር ነው። የመቄዶንያ ደረቅ በርበሬ ግጥም ወይም ልብ ወለድ አይደለችም። ሆኖም ሰው ሠርቷታል፣ ስም አውጥቶላታል፣ ሌላው ሰው ደግሞ እያያት ይተረጉማታል። ይህ ሁሉ ያለው ነገር በደንብ ሊነበብም በስንፍና ሊነበብም ይችላል። እስካሁን በብዛት የተነበበችው በስንፍና ነው ባይ ነኝ። ከሰነፎቹ አንባቢዎች አንዱ እኔ ራሴ ስለነበርሁ፣ የእኔንም ስንፍና በቦታው እናገራለሁ።

መጀመሪያ ስለ ፎቶግራፉ አንድ ነገር ልበል። ግድግዳቸው በበርበሬ ተሸፍኖ በዓለም ላይ ከሚታወቁት መንደሮች መካከል ስሟ የገነነው ዶንያ ሎኮሽኒጻ ናት። እርሷ ያለችው ደግሞ በመቄዶንያ ሳይሆን በደቡብ ሰርቢያ፣ በሌስኮቫጽ ከተማ አጠገብ ነው። ይህን የምለው አንዱን አገር ከሌላው ለማስበለጥ አይደለም። በርበሬውም፣ ክሩም፣ መርፌውም ከደቡብ ሰርቢያ እስከ ሰሜን ግሪክ ድረስ የአንድ ቤተሰብ ልማድ ነው። የምለው ሌላ ነው። ተመልካቹ ለምስሉ እንጂ ለነገሩ ስለማይጨነቅ የትኛው አገር እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቅ ያልፋል። ቀዩ ቀለም በቂው ነው።

አሁን ወደ ፀሐዩዋ ዘይቤ እንምጣ። ዘይቤዋ ቆንጆ ትመስላለች፣ ችግሯ ግን ሥራውን ማሳሳቷ ነው። ትኩስ ቀይ በርበሬ ከክብደቱ ዘጠኝ አሥረኛው ያህል ውኃ ነው። አሥር ኪሎ ለቅማ፣ እያንዳንዷን አንገቷ ላይ በመርፌ ወግታ፣ በክር ሰክታ የሰቀለች ሴት በመጨረሻ የሚቀራት ከአንድ ኪሎ እምብዛም አይበልጥም። ያ ሁሉ ውኃ መውጣት ያለበት ሻጋታ ሳይቀድመው ነው። በዚያ ወቅት ደግሞ የመቄዶንያ ፀሐይ ኃይሏ እየደከመ፣ ሌሊቱ እየቀዘቀዘ፣ ዝናቡም እየመጣ ነው። ስለዚህ ዋናውን ሥራ የሚሠራው ነፋስ ነው። በርበሬዎቹ እርስ በርስ እንዳይታፈኑ የሚራራቁት፣ ዝናብ እንዳይነካቸው ከጣሪያ ጠርዝ በታች ወይም ሰገነት ላይ የሚሰቀሉት ለዚህ ነው። ብርቱ ብርሃን ጭራሽ ጠላት ሊሆን ይችላል፤ ቀዩን ቀለም ከጊዜ ብዛት የሚያደበዝዘው ብርሃንና አየር ነውና። ደርቆ ካለቀ በኋላ ብዙ ቀን ግድግዳ ላይ የሚሰነብት በርበሬ ለዓይን እንጂ ለድስት አይረባም። እንግዲህ በጥንቃቄ የተያዘ በርበሬ ከፀሐይ የተሸሸገ በርበሬ ነው። ጸሐፊዎቹ ፀሐይ ተቀምጣበታለች የሚሉን፣ ባለቤቲቱ ከፀሐይ ልታድነው ጥላ የምትፈልግለትን ነገር ነው።

ይህ የቃላት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሁሉን ለፀሐይ የሰጠ ሰው ለእጅ የሚሰጠው አያስተርፍም። መርፌና ክር ይዞ ለሰዓታት መቀመጥ፣ የበሰበሰችውን አንዷን ለይቶ ማውጣት፣ ዝናብ ሲያንዣብብ ሮጦ ማንሣት፣ ማታ ጤዛ እንዳይነካው መሸፈን፣ ይህ ሁሉ ከዘይቤዋ ጋር ይጠፋል። አሮጊቷም በምስሉ ውስጥ ሠሪ መሆናቸው ቀርቶ ከበርበሬው ጎን የተቀመጡ ጌጥ ይሆናሉ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ነገሩን በደንብ ያነበቡት ስሙን ያወጡለት ገበሬዎች ናቸው። ከመቄዶንያ ደረቅ በርበሬዎች መካከል በሰሜን ምሥራቅ፣ በኩማኖቮ በኩል የምትታወቅ አንዲት ቀጭን፣ ረዘም ያለች፣ የምታቃጥል ዓይነት አለች። «ቬዜና ፒፔርካ» ይሏታል። «ቬዝ» ማለት ጥልፍ ነው፤ ስሟም የተጠለፈች በርበሬ ማለት ይሆናል። እንዲህ የተባለችው ቆዳዋ ላይ ገርጣ ያሉ፣ ሻከር ያሉ ቀጫጭን መስመሮች ስላሉባት ነው። ሲያዩዋት በእውነት በቀይ ጨርቅ ላይ የተጣለ ነጭ ክር ትመስላለች። የአገሩን የገጠር ሴቶች ልብስ ያየ ሰው ንጽጽሩ ከየት እንደመጣ ይገባዋል። በዚያ ጥልፍ ላይ የሚገንነው ቀይ ነው።

መስመሮቹ ምንድን ናቸው? ሥጋዋ ቆዳዋ መለጠጥ ከሚችለው በላይ ፈጥኖ ሲያድግ ቆዳው በቀጭኑ ይሰነጠቃል። ተክሉም ስንጥቁን እንደ ቡሽ ባለ ጠንካራ ሽፋን ይደፍነዋል። ባጭሩ መስመሮቹ የዳኑ ቁስሎች፣ ጠባሳዎች ናቸው። ገጹ የለሰለሰ፣ የሚያብረቀርቅ ቃሪያ ብቻ የሚደረድር ትልቅ መደብር እንዲህ ያለችውን አይቶ ይጥላት ይሆናል። ገበሬዎቹ ግን ጠባሳውን ጥልፍ አሉት፤ ጉድለቱን መለያዋ አደረጉት። እኔ ይህን አንድ ቃል ከፎቶግራፉ ሥር ከሚጻፉት አንቀጾች ሁሉ አስበልጣለሁ። የፀሐዩዋ ዘይቤ ርቆ የቆመ ሰው ዘይቤ ናት። የጥልፏ ዘይቤ ግን በርበሬዋን እጁ ላይ አገላብጦ ያየ፣ ምናልባትም በሌላኛው ወቅት መርፌ ይዞ የሚጠልፍ ሰው ያወጣት ናት። ያችው መርፌ በመከር በርበሬ ትሰካለች፣ በክረምት ጨርቅ ትጠልፋለች።

በአማርኛ «የተጠለፈች» ስንል ግን ሌላ ትርጉም አብሮ ይገባል። የእኛ ቋንቋ ለመርፌ ሥራም፣ ልጅን በግድ ወስዶ ለማግባትም፣ አውሮፕላን ለመንጠቅም አንዱን ግስ ይጠቀማል። መቄዶንያውያን ይህን ድርብ ትርጉም አላሰቡትም፤ የእኛ ነው። ሆኖም የበርበሬውን ታሪክ ለማንበብ ጥሩ መነጽር ሆኖልኛል። ምክንያቱም የዚህ አገር በርበሬ ስሙ ሲጠለፍ፣ ምስሉ ሲጠለፍ የኖረ ነው።

ከቢቶላ ከተማ አጠገብ ቡኮቮ የምትባል መንደር አለች። በመቄዶንያ ደርቆ ከነፍሬው በሻካራው የተደቆሰው በርበሬ «ቡኮቬጽ» ይባላል፤ ስሙም ከዚህች መንደር እንደመጣ ይነገራል። በግሪክ ማእድ ቤቶች ደግሞ ያው የተደቆሰ በርበሬ «ቡኮቮ» ነው። በሰሜን ግሪክ የጨጓራ ሾርባ ከነጭ ሽንኩርትና ከሆምጣጤ ጋር ሲቀርብ ከላይ የሚነሰነሰው እርሱ ነው። ነገሩ በራሱ አያስገርምም። ቢቶላና ተሰሎንቄ በኦቶማን መንግሥት ዘመን የአንድ ገበያ ሁለት ጫፎች ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1894 የባቡር ሐዲድም አገናኝቷቸዋል። ከባልካን ጦርነቶች በኋላ እ.ኤ.አ. በ1913 የቡካሬስት ውል ምድሪቱን ሲከፋፍላት ድንበር በመካከላቸው አለፈ። በርበሬው ግን በሁለቱም በኩል ከነስሙ ቀረ።

የሚያስገርመው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። መቄዶንያ እ.ኤ.አ. በ1991 ከዩጎዝላቪያ ተለይታ ነጻነቷን ስታውጅ ግሪክ በስሟ ላይ ተቃውሞ አነሣች። እ.ኤ.አ. በ1993 ወደ ተባበሩት መንግሥታት የገባችው በተውሶ ስም ነበር። እ.ኤ.አ. ሰኔ 17 ቀን 2018 በፕሬስፓ ሐይቅ ዳር ውል ተፈረመ፤ በ2019 መጀመሪያም አገሪቱ ሰሜን መቄዶንያ ተባለች። እኛ የሐዋርያት ሥራን በማንበብና ዜና እስክንድርን በመስማት ያደግን ሰዎች መቄዶንያ የሚለውን ቃል የምናውቀው ከዚህ ሁሉ በፊት ስለሆነ ጠቡን ከሩቅ ስንሰማ ግራ ይገባናል። ሩብ ምእተ ዓመት በላይ ሁለቱ መንግሥታት ስለ አንድ ስም ሲከራከሩ፣ በግሪክ ምግብ ቤቶች ጠረጴዛ ላይ የአንዲት መቄዶንያዊት መንደር ስም በብልቃጥ ተቀምጦ ነበር። ማንም ተቃውሞ አላሰማም፤ ምክንያቱም ብዙው ሰው የመንደር ስም መሆኑን አያውቅም። ስም በደንብ የሚጠለፈው እንዲህ ነው። ጠላፊውም ተጠላፊውም ሲረሱት።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ፣ በርበሬው ራሱስ ከየት መጣ ቢለኝ ልክ ነው። በርበሬ የባልካን ተክል አይደለም። እንደ ቲማቲም፣ እንደ ድንች፣ እንደ በቆሎ ሁሉ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ነው፤ ኮሎምቦስ እ.ኤ.አ. በ1492 ከመሻገሩ በፊት አውሮፓም እስያም አፍሪካም አያውቁትም ነበር። ወደ ባልካን የዘለቀው በኦቶማን ግዛት በኩል ነው። ቋንቋውም ይህን አልደበቀም። በመቄዶንያኛ «ፒፔር» ቁንዶ በርበሬ ነው፤ አዲሱ እንግዳ ሲመጣ ከዚያው ስም ላይ ቅጥያ ጨምረው «ፒፔርካ» አሉት። የእኛም በርበሬ ታሪኩ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ያለ እርሱ ወጥን ማሰብ የማንችለው ነገር ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ነው። ስለዚህ «ጥንታዊ ወግ» የሚለው የፎቶግራፉ ቃል በሁለቱም አገር መታረም አለበት። ወግ የሚሆነው ነገሩ ጥንታዊ ስለሆነ አይደለም። በየዓመቱ አንድ ሰው ደክሞ ስለሚደግመው ነው። አንድ ዓመት ካልተደገመ ጥንታዊነቱ አያድነውም።

በስሙ ነገር ላይ ሳለሁ አንድ ልዩነት ላንሣ። አማርኛ በአንዱ ተክል ዕድሜ ላይ ሁለት ስም አኑሯል። እሸቱ ቃሪያ ነው፣ ቀልቶ ሲደርቅ በርበሬ ይሆናል። ለእኛ በርበሬ ሲባል ወዲያው የሚታየን ተቀንጥሶ፣ ከቅመም ጋር ተደባልቆ፣ ተወቅጦ ወይም ተፈጭቶ ያለቀ ዱቄት ነው፤ ዛላው የመንገዱ መጀመሪያ ብቻ ነው። መቄዶንያኛ ግን ለእሸቱም ለደረቁም ፒፔርካ ይላል፣ «ሱቫ» ማለትም ደረቅ የሚል ቅጽል ብቻ ይጨምርበታል። ይህ የሰዋስው ነገር ብቻ መስሎኝ ነበር። ምግቡን ስቀምስ ግን ገባኝ። በመቄዶንያ ማእድ ቤት ደረቅ በርበሬ ብዙ ጊዜ አይፈጭም፤ እንደ አትክልት በሙሉው ይበላል። የማድረቁ ዓላማ ቅመም ለማውጣት ሳይሆን አትክልቱን ወደ ክረምት ለማሻገር ነው።

ለዚህ ምስክሩ «ታቭቼ ግራቭቼ» ነው፤ የአገሪቱ ብሔራዊ ምግብ እየተባለ የሚጠራው። ስሙ ትልቅ ቢሆንም ነገሩ ቦሎቄ ነው። ነጭ ቦሎቄ፣ ከተገኘ የቴቶቮው፣ ሌሊቱን ይዘፈዘፋል። ይፈላል፣ የመጀመሪያው ውኃ ይደፋል፣ ከሽንኩርትና ከደረቅ በርበሬ ጋር እንደገና ይቀቀላል። ከዚያ በሸክላ ጣባ ተገልብጦ፣ ሙሉ ደረቅ በርበሬዎች ከላይ ተጋድመውበት፣ ምድጃ ውስጥ ገብቶ ከላይ እስኪያሠር ይጋገራል። እንስሳ ያልነካው በመሆኑ የዓርብ ምግብ ነው። መቄዶንያውያን ኦርቶዶክሶችም እንደኛ ረቡዕንና ዓርብን ይጾማሉ።

በሬስቶራንት የሚቀርበውን ታቭቼ ግራቭቼ ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው አንድ ስሕተት አለ። ምግቡ ካለቀ በኋላ አንዲት በርበሬ ለዓይን ተብላ ከላይ ትቀመጣለች። ያቺ ደረቅ ትሆናለች፤ በሹካ ወደ ዳር ትገፋለች። ይህ ፎቶግራፉ ወደ ሳህኑ ወርዶ ማለት ነው። በደንብ በተሠራው ግን በርበሬዋ ከቦሎቄው ጋር ቆይታለች። ግማሽ ጎኗ መረቁን ጠጥቶ እንደ ለሰለሰ ቆዳ ሆኗል፤ ከመረቁ ውጭ የቀረው ጎኗ ጠቆር ብሎ ይኮሰኮሳል። ጣፋጭ ናት፣ ትንሽ መረር ትላለች፣ እንደ ዘቢብም እንደ ትንባሆ ቅጠልም የሚሸት ነገር አላት። ቦሎቄ ለስላሳና ዝምተኛ ነው። ከሱ ውስጥ አንድ የሚታኘክ ነገር መኖሩ ምግቡን ምግብ ያደርገዋል። በዚህ ምግብ ውስጥ የሥጋን ቦታ የያዘችው እርሷ ናት፤ እርሷን ጌጥ ማድረግ ከቀይ ወጥ ውስጥ ሥጋውን አውጥቶ ዳር ላይ እንደ መደርደር ነው።

ሌላው የሚመዘንበት ነገር «ዛፕርሽካ» ነው። ዘይት ይግላል፣ ሽንኩርት ይቁላላል፣ አንዳንዴ ጥቂት ዱቄት ይገባል፣ ከዚያ ድስቱ ከእሳት ይወርድና የተፈጨው ቀይ በርበሬ ይጨመርበታል። አንዴ ሁለቴ ተማስሎ ወዲያው ቦሎቄው ላይ ይደፋል። የበርበሬ ቀይ ቀለም በውኃ ሳይሆን በስብ የሚሟሟ ስለሆነ ዘይት ግድ ነው፤ በውስጡ ስኳር ስላለ ደግሞ በጋለ ዘይት በሰኮንዶች ውስጥ ያርራል። ይህንኑ ችግር የእኛ እናቶች በሌላ መንገድ ፈትተውታል። እኛ ቁሌቱን ጠብ ጠብ በሚል ውኃ እያበረድን በርበሬውን ረጅም ጊዜ እናበስለዋለን፤ ጥሬ ጥሬ እንዳይል። የእነርሱ እጅ ደግሞ ትኩስነቱን ፈልጎ መጨረሻ ላይ ይጨምረዋል። ሁለቱም ዘይትንና እሳትን ጠንቅቀው ያውቃሉ፣ አንዱ በትዕግሥት ሌላው በፍጥነት።

ይህን የተማርሁት በማበላሸት ነው። እኔ የምኖርበት የስዊድን ከተማ ውስጥ፣ ከእኛ በታች ባለው ፎቅ አንዲት ከመቄዶንያ የመጡ እናት አሉ። አንድ መከር በረንዳቸው ላይ የሰቀሉትን አይቼ ሳደንቅ፣ ከክሩ ላይ ስድስት በርበሬ ቆርጠው ሰጡኝ። እኔ ደግሞ ወስጄ ማእድ ቤቴ ግድግዳ ላይ ሰቀልኋቸው። አምረው ነበር። ከወራት በኋላ ለቡና ጠርቼያቸው ሲመጡ ግድግዳውን አዩና ሁለታችንም በምንሰባብረው ስዊድንኛ «አልወደድሃቸውም?» አሉኝ። አቧራ ጠጥተው፣ ቀለማቸው ገርጥቶ ነበር። በምግብ ምትክ ጌጥ አድርጌባቸው ኖሯል። ሳምንት ሳይሞላ ሌላ አመጡልኝና አሠራሩን ነገሩኝ። እኔም የተፈጨውን እንደ ወጥ ቁሌት እሳት ላይ አቆየሁትና ድስቱን በሙሉ አመረርሁት። ሦስተኛው ሙከራ ተበላ። ስለ ፎቶግራፉ ከላይ የጻፍሁትን ሁሉ የጻፍሁት ከዚያ ግድግዳ ፊት ቆሜ ነው።

የደረቁ በርበሬዎች ከፍተኛ ቀን የልደት ዋዜማ ነው። የመቄዶንያ ቤተ ክርስቲያን በቀድሞው የዩልዮስ አቆጣጠር ስለምትሄድ ልደትን የምታከብረው ከእኛ ጋር በአንድ ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. ጥር 7 ቀን ነው። ዋዜማው፣ «ባድኒክ» የሚሉት፣ ጾም ነው። በዚያ ማታ በብዙ ቤት ከሚቀርቡት አንዱ ሰፋፊ፣ የማያቃጥሉ ደረቅ በርበሬዎች በሙቅ ውኃ ለስልሰው፣ በሩዝና በባሮ ሽንኩርት ወይም በዋልነት ተሞልተው የሚጋገሩት ነው። ሩዙ የኮቻኒ ከሆነ የአገር ውስጥ ነው። ይህ ምግብ ጥሩ የሚሆንበት ምክንያት ግልጽ ነው። ትኩስ ቃሪያ ሲሞላ ውኃው ወጥቶ መሙያውን ያልማል፤ ደረቁ ግን በተቃራኒው የሩዙን ውኃ ወደራሱ ይስባል፣ ጣዕሙንም መልሶ ለሩዙ ይሰጣል። በበጋ የማይሠራ፣ ድርቀት ብቻ የሚያስችለው ምግብ ነው። ማድረቅ ችግር ያስገደደው ማቆያ ብቻ ነው ለሚል ሰው መልሱ ይህች ሳህን ናት።

ታዲያ የመቄዶንያ ምግብ ሲነሣ ለምን ሁሉም ስለ «አይቫር» ያወራል? አይቫር የተጠበሰ ቀይ ቃሪያ ተልጦ፣ ተፈጭቶ፣ በዘይት ለረጅም ሰዓት እየተማሰለ የሚሠራ ነው። ስሙ የመጣው የዓሣ እንቁላል ከሚለው የቱርክኛ ቃል ነው። እርሱም የመከር ሥራ ነው፣ እርሱም ያደክማል፣ ጥሩ ሲሆንም ግሩም ነው። ግን በማሰሮ ታሽጎ፣ ምልክት ተለጥፎበት፣ ከስኮፕዬ እስከ ቺካጎ መደርደሪያ ላይ መቆም ይችላል። የገዛው ሰው ክዳኑን ከፍቶ ዳቦ ላይ ይቀባዋል፤ አለቀ። ደረቅ በርበሬ ለእንዲህ ያለ ሕይወት አይመችም። ገዥው መዘፍዘፍ አለበት፣ መጠበቅ አለበት፣ ማወቅ አለበት። ፋብሪካ ቢያደርቀውም ግማሹ ሥራ ገና ማእድ ቤት ውስጥ ይቀራል። ለዚህ ይመስለኛል አይቫር ምግብ ሆኖ ወደ ውጭ ሲሄድ፣ ደረቅ በርበሬ ፎቶግራፍ ሆኖ ብቻ የሄደው።

ችግሩ ፎቶግራፍ የሚሆነው ነገር ሠሪ እያጣ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በተደረገው ቆጠራ በአገሪቱ 2,022,547 ሰው ነበር። በ2021 ነዋሪ ሆኖ የተቆጠረው 1,836,713 ነው። የጎደለው ሰው ሁሉ አልሞተም፤ ብዙው ጀርመን ነው፣ ስዊዘርላንድ ነው፣ ጣሊያን ነው፣ አውስትራሊያ ነው። ከመንደር የሚሄደው ወጣቱ ነው፤ መርፌ ይዘው የሚቀሩት የፎቶግራፉ አሮጊት ናቸው። የወግ ጠባቂ መባላቸው ብቻቸውን መቅረታቸውን የሚሸፍን ጨዋ አነጋገር ሆኗል። ወግ በአንድ ሰው አይጠበቅም፤ ቢያንስ አንድ የሚሰካና አንድ ክር የሚይዝ ይፈልጋል።

የመቄዶንያ ሥነ ጽሑፍ ስደትን ያውቀዋል። ኮንስታንቲን ሚላዲኖቭ በ19ኛው መቶ ዘመን ሞስኮ ተማሪ ሳለ የጻፈው «የደቡብ ናፍቆት» የሚለው ግጥም በአገሩ ሰው ሁሉ ዘንድ የታወቀ ነው፤ የስትሩጋ የግጥም ፌስቲቫል በየዓመቱ የሚከፈተው በእርሱ ነው። በዚያ ግጥም ውስጥም ፀሐይ አለች። ግን የሚላዲኖቭ ፀሐይ ከፎቶግራፉ ፀሐይ የተለየች ናት። እርሱ በጨለማና በብርድ አገር ሆኖ ያጣትን ነው የሚጠራው፤ ማጣቱ ቃሉን ከባድ ያደርገዋል። ከአይቫር ማሰሮ ላይና ከፎቶግራፍ ሥር ፀሐይን የሚያነሣው ግን ምንም አልጎደለበትም። አንዱን ዘይቤ እውነት፣ ሌላውን ማስታወቂያ የሚያደርገው ቃሉ አይደለም፤ ቃሉን ለማለት የከፈሉት ነው።

ይህ ሁሉ ወደ እኛም ይመጣል። በውጭ አገር ሆነን በአማርኛ የምንጽፈውን ስለ ምግብ ያለ ጽሑፍ መለስ ብዬ ሳነብ፣ የእኔንም ጭምር፣ በርበሬ በየገጹ አለ። ሁልጊዜ እናት ትልከዋለች፣ ሁልጊዜ ሻንጣው ሲከፈት ይሸታል፣ ሁልጊዜ ጸሐፊው ያለቅሳል። ሰሌን ላይ ሲሰጣ፣ ሲቀነጠስ ዓይን ሲያቃጥል፣ ሲደለዝ ክንድ ሲያደክም፣ ወፍጮ ቤት ተራ ሲጠበቅ፣ ያ በአንድ ሐረግ ይታለፋል ወይም ጭራሽ የለም። ስንት ኪሎ ዛላ ስንት ኪሎ ድቁስ እንደሚወጣው፣ ማን እንደከፈለው፣ ማን እንዳደረሰው አንጽፍም። እኛም የራሳችንን እናቶች ሻሽ አስረን ከግድግዳ በታች አስቀምጠናቸዋል። ባዕድ ሲያደርገው ስንፍና ነው ያልሁትን እኛ ስናደርገው ናፍቆት እንለዋለን።

ናፍቆት መጻፍ የለበትም እያልሁ አይደለም። የሚላዲኖቭ ግጥም ከናፍቆት የወጣ ነው። ናፍቆቱ ግን ነገሩን በደንብ ካየ ሰው እንዲመጣ እፈልጋለሁ። ኩማኖቮ ያለው ገበሬ ጠባሳዋን አይቶ ጥልፍ ያለው በርበሬዋን አገላብጦ ስላየ ነው። በአማርኛ ስለ በርበሬ የምንጽፈው ጽሑፍ እስከዚያ ድረስ ቢቀርብ፣ ቢያንስ የአንዲት ዛላን ጠባሳ ቢያውቅ፣ ምን ያህል አዲስ ነገር እንደሚናገር አስባለሁ።

ታችኛው ፎቅ ያሉት እናት ባለፈው መከር በረንዳቸው ላይ ምንም አልሰቀሉም። ጣቶቻቸው መርፌ አልይዝ ብለዋቸዋል። ልጆቻቸው ሥራ ላይ ናቸው፣ አይቫር ከሱቅ ይገዛሉ፤ ሲጠየቁም እናታችን ታውቀዋለች ይላሉ። በዚህ ዓመት ቃሪያውን ከገበያ እኔ እንዳመጣ፣ መርፌውንም እኔ እንድይዝ ተነጋግረናል። እርሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው የበሰበሰችውን ይለያሉ። አንድ ሰው መጥቶ ፎቶግራፍ ላንሣ ካለ፣ መጀመሪያ እጁን ታጥቦ አንድ ክር እንዲጨርስ እንጠይቀዋለን።